በሞት ሸለቆ ተራራ በመኪና ስለ መጓዝና ስለ ማደር

አገር ለማየት ከቤተ ሰብ ጋራ መውጣት ለሰውነት ጤና፥ ለአእምሮም ዕረፍት እንደ ሆነ ክቡራን አንባቢዎቻችን ያውቁታል። ዛሬ የምንጽፈው ግን የተነጠፈ ጐዳና፥ የተሰናዳ ሆቴል ስለሌለበት ጉዞ ነው። በአሜሪካ አገር በላስ ቬጋስና በሎስ አንጀለስ ከተማ ከወገኖቻችን ብዙዎች ይኖራሉ። ከሁለቱም ከተሞች ሰው በጧት ቢነሣ በዚያው ቀን ዴዝ ቫሊ ወደ ተባለው ምድረ በዳ ይደርሳል፤ ትርጓሜውም የሞት ሸለቆ ማለት ነው። ስለዚህ ከዚህ ሄዶ ዘመዶቹን የሚጠይቅ ሰው፥ ወይም በዚያ ልጆቹን የሚያሳድግ አባት፥ «ተራራውን በመኪና ተሻግረን እዚያው እንደር» የሚል አሳብ ቢመጣበት የሚያስደንቅ አይደለም። አሳቡም መልካም ነው፤ ነገር ግን መንገዱን ሳያውቁ የሚገቡበት አይደለም። ከዚህ በታች የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የሸለቆው ወለል ከባሕር ጠለል 86 ሜትር ዝቅ ይላል። በ1913 ዓመት በጁላይ 10 ቀን በዚያ የተለካው ሙቀት 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፥ በዓለም ላይ ከተመዘገበው የአየር ሙቀት ሁሉ የበለጠ ነው። የአፋርን ቆላ፥ ይልቁንም የዳሎልን አካባቢ ያየ ሰው ጨው ያነጣውን ሜዳ ለማሰብ አይቸግረውም። የሞት ሸለቆ ግን ግራና ቀኙ በተራራ የታጠረ ነው፤ በምዕራብ በኩል ያለው የፓናሚንት ተራራ ጫፍ ከ3300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ ታች ያለው ሰው በሸሚዝ ሲሄድ ላዩ በረዶ ለብሶ የሚታይበት ጊዜ አለ። የአገሩ ጥንተ ባለቤቶች ቲምቢሻ ሾሾኒ የሚባሉ ሕዝብ ናቸው፤ በ2000 ዓመት በወጣ ሕግ ከርስታቸው ጥቂቱ ተመልሶላቸዋል።

የምንናገርለት መንገድ ይህን የፓናሚንት ተራራ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው ነው። መጀመሪያው በሸለቆው ወለል ላይ በጨው ሜዳው ዳር የሚሄድ የጠጠር መንገድ ሲሆን፥ ፊቱ እንደ ተሸነሸነ ልብስ ስለ ሆነ መኪናውን እያንቀጠቀጠ የተሳፋሪውንም ጥርስ ያጋጫል። በዚሁ መንገድ ዳር ካሉት ጥቂት ምንጮች በአንዱ አጠገብ ከ1849 ወደ 1850 በተሻገረው ዓመት የሆነው ነገር ለቤተ ሰብ ሁሉ ሊነገር ይገባዋል።

ወርቅ ሊፈልጉ ወደ ካሊፎርኒያ ከሚጓዙት መካከል አቋራጭ መንገድ እናገኛለን ያሉ ሰዎች በዚህ ሸለቆ ገብተው መውጫ አጡ። ከእነርሱም ጋራ ሕፃናት የያዙ ቤኔትና አርካን የሚባሉ ሁለት ቤተ ሰቦች ነበሩ። ስንቃቸው እያለቀ፥ በሬዎቻቸውም እየከሱ ስለ ሄዱ ከውሃው አጠገብ ሰፍረው ቈዩ፤ ማንሊና ሮጀርስ የሚባሉ ሁለት ጐልማሶችንም ስንቅ እንዲያመጡ በእግራቸው ላኩ። ጐልማሶቹ ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ሄደው እህልና አንዲት በቅሎ ይዘው በ26ኛው ቀን ተመለሱ። ከሰፈሩ ተለይተው ብቻቸውን ለመውጣት ከሞከሩት አንዱን ግን በመንገድ ላይ ወድቆ ሞቶ አገኙት። ሁለቱ ቤተ ሰቦች ከውሃው ስላልራቁ በሕይወት ቈዩአቸው። ከዚያም ሕፃናቱን ከሸሚዝ በተሰፋ ከረጢት አድርገው በበሬ ጀርባ ግራና ቀኝ አንጠልጥለው ተራራውን በእግር ተሻገሩ። የሸለቆው ስም የወጣው ከእነዚህ መንገደኞች አፍ እንደ ሆነ ይነገራል። ማንሊም በሸመገለ ጊዜ ታሪኩን ጽፎ በ1894 ዓመት አሳትሞታል።

መንገዱ ከሸለቆው ወለል ተለይቶ ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ ዋርም ስፕሪንግ ወደሚባለው ገደላ ገደል ይገባል፤ ስሙ ሙቅ ምንጭ ማለት ነው። በዚያ ታልክ የሚባለው ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ይወጣበት የነበረ የማዕድን ሰፈር አለ። ታልክ ለቀለምና ለሸክላ ሥራ፥ ለፊት ዱቄትም የሚሆን ነው። ይህን ማዕድን በ1930ዎቹ ዓመታት ያቋቋመችው ሉዊዝ ግራንታም የምትባል ሴት ናት፤ በወንዶች ሥራ በታወቀ ምድረ በዳ ሠራተኛ ቀጥራ፥ መንገድ አስጠርጋ፥ ሠራተኞቹ የሚዋኙበት ገንዳ እንኳ ሳይቀር አሠርታ ነበር። ዛሬ ሥራው ቆሟል፤ ምንጩና የበለሱ ዛፎች ግን አሉ።

ከሰፈሩ በላይ መንገዱ እየጠበበና እየከፋ ይሄድና በድንገት ሰፊ ሜዳ ይከፍታል፤ ይህ ቢዩት ቫሊ ነው። በመካከሉ እንደ ጥለት በጥቍርና በነጭ መስመር የተሸለመ አንድ ኮረብታ ብቻውን ቆሟል። በሜዳው ጥግ የድሮ ማዕድን ፈላጊዎች የሠሩአቸው ጥቂት ጐጆዎች ሲኖሩ፥ ማንም መንገደኛ ቀድሞ ከደረሰ ያለ ኪራይ ያርፍባቸዋል። አንደኛው በድንጋይ የተሠራ ነው፤ በደጁ ባለው እንጨት ላይ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ከታየ ሰው ገብቶበታል ማለት ስለ ሆነ፥ ኋላ የመጣው ሌላ ስፍራ ይፈልጋል። ማንም ሳያዝዝ የሚጠበቅ ጨዋ ልማድ ነው።

ይሁን እንጂ ልጆች ይዞ ለሄደ ሰው ከጐጆው ይልቅ ድንኳን ይሻለዋል። በጐጆዎቹ ውስጥ አይጦች ስለሚመላለሱ፥ የአይጥ ኩስ ከአቧራ ጋራ ወደ ሳንባ ቢገባ ሀንታ ቫይረስ የሚባለውን ብርቱ በሽታ ሊያመጣ እንደሚችል የፓርኩ ሹማምንት ያስጠነቅቃሉ። ድንኳኑም ከደረቅ ወንዝ መውረጃ ራቅ ብሎ ይተከል፤ ዝናም በላይ ዘንቦ ጎርፍ በታች ያለውን ሊወስድ ይችላልና። በ2023 ዓመት በኦገስት 20 ቀን በአንድ ቀን 56 ሚሊ ሜትር ዝናም ዘንቦ የፓርኩን መንገዶች ስለ ቈራረጠ፥ ፓርኩ ሁለት ወር ያህል ተዘግቶ ነበር። የማገዶ እንጨት መልቀም ክልክል ስለ ሆነ ወጡ ከቤት ተሠርቶ ቢመጣና በትንሽ የጋዝ ምድጃ ቢሞቅ ይበቃል። ብርድ ልብስ መርሳት ግን አይገባም። ከሸለቆው ወለል እስከዚህ ከ1200 ሜትር በላይ ስለሚወጣ ሙቀቱ በስምንትና በዐሥር ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውሃ የሚረጋበት ጊዜ አለ። ከመሸ በኋላ የከተማ መብራት የማይደርስበት ሰማይ ስለ ሆነ፥ ኮከብ እንደ ተዘራ ጤፍ ሆኖ ይታያል። በ2013 ዓመት ይህ ስፍራ ለጨለማው ንጽሕና ሲባል ከዓለም የተመረጡ የሰማይ መመልከቻዎች ጋራ ተቈጥሯል። በከተማ ያደገ ልጅ የፍኖተ ሐሊብን መንገድ በዚያ ሌሊት ያያል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። በ1996 ዓመት በጁላይ ወር ከጀርመን አገር ለጕብኝት የመጡ አራት ሰዎች፥ ሁለት አዋቂና ሁለት ልጆች፥ በኪራይ መኪና ወደዚህ ሜዳ ወጡ። መኪናው ለከተማ ጐዳና የተሠራ፥ ሆዱ ለመሬት የቀረበ ነበር። ተራራውን ወደ ምዕራብ ለመሻገር አስበው እንደ ነበረ ይታመናል፤ ነገር ግን ከሜዳው ወደ ምሥራቅ በሚወርደውና መንገዱ በተተወው አንቪል በሚባለው ገደል ገቡ። ጎማዎቹ ተበሱ፤ መኪናውም በአሸዋ ተያዘ። እነርሱም ትተውት በእግር ሄዱ። በዚያ ወር በሸለቆው ጥላ ሥር እንኳ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ከ45 ዲግሪ ይበልጣል። መኪናው የተገኘው ከሦስት ወር በኋላ በኦክቶበር ነው። የሁለቱ አዋቂዎች የሚባለው ዐጽም ደግሞ ከ13 ዓመት በኋላ በ2009 ከመኪናው በስተ ደቡብ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ተገኘ። ፈላጊዎቹ እንደ ገመቱት በካርታ ላይ ወደሚታየው የጦር ሠራዊት ክልል ሄደው ጠባቂ እናገኛለን ብለው ይሆናል፤ በዚያ በኩል ግን ጠባቂም አጥርም አልነበረም።

በዚህ መንገድ ሰውን የሚጐዳው አውሬ ወይም ወንበዴ አይደለም፤ የተበሳ ጎማና ያለቀ ውሃ ነው። ከኖቬምበር እስከ ማርች ካለው ወራት በቀር መሄድ እብደት ነው። መኪናው ከመሬት ከፍ ያለ፥ በአራቱም እግሩ የሚስብ፥ ጎማውም ለድንጋይ የተሠራ ይሁን፤ ስኮርታውም አንድ ከሚሆን ሁለት ቢሆን፥ ክሪኩም በአሸዋ ላይ እንዳይሰጥም ከሥሩ የሚነጠፍ ጣውላ ቢኖረው መልካም ነው። ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ከ4 ሊትር አያንስም፤ ይህም ለጉዞው ቀናት ብቻ ሳይሆን ለቆሙበትም ቀን ጭምር ሊታሰብ ይገባል። ስልክ በዚያ አይሠራም። ስለዚህ ወዴት እንደሚሄዱ፥ በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ በከተማ ለሚቀር ዘመድ ጽፎ መስጠት ያስፈልጋል፤ ያም ዘመድ ሰዓቱ ሲያልፍ ለፈላጊዎች የሚያስታውቅ ሰው ይሁን። መኪናው ቢቆም ደግሞ ከመኪናው አለመራቅ ነው። ጥላ ይሰጣል፤ ከሰማይም ሲታይ ከሰው ይልቅ ፈጥኖ ይለያል።

በማግሥቱ ጧት መንገዱ ወደ ሜንግል መተላለፊያ ይወጣል። ሜንግል አንድ እግሩን ያጣ ማዕድን ፈላጊ ነበረ፤ በ1944 ዓመት ሲሞት ዐመዱ ከሰው ሠራሽ እግሩ ጋራ በመተላለፊያው ላይ ባለው የድንጋይ ክምር ሥር እንደ ተቀበረ ይነገራል። ከመንገዱ ሁሉ የከፋው እዚህ ነው። ድንጋዩ እንደ ደረጃ የተሰበረ ስለ ሆነ በዝቅተኛው ማርሽ እንደ ኤሊ መውጣት ይገባል። ባልየው ሲነዳ ሚስቱ ወርዳ፥ ወይም እርስዋ ስትነዳ እርሱ ወርዶ፥ ጎማው የሚረግጠውን በእጅ ምልክት መምራት ያስፈልጋል። ልጆች በዚህ ጊዜ ከመኪናው ወርደው በእግራቸው ቢወጡ ለእነርሱም ደስታ ነው። እዚህ ደርሶ ድንጋዩ ያስፈራው ሰው በመጣበት መመለስ ይችላል፤ የሚያሳፍርም ነገር የለበትም።

ከመተላለፊያው ወዲያ መንገዱ ጎለር በሚባለው ጠባብ ገደል ይወርዳል። በ1969 ዓመት አንድ የነፍሰ ገዳዮች አለቃ የተያዘበት ቤት በዚህ አጠገብ ነበረ፤ ነገሩ ለቤተ ሰብ ገጽ ስለማይስማማ እናልፈዋለን። ገደሉ ሲያበቃ የፓናሚንት ሸለቆ ነጭ ሜዳ ይታያል፤ ጥቂትም ወደ ሰሜን ሲሄዱ ባላራት የምትባል የፈረሰች የማዕድን ከተማ ትገኛለች። ከዚያ እስከ አስፋልቱ ሩቅ አይደለም። በአሸዋው ጊዜ ነፋሳቸው የተቀነሰውን ጎማዎች በፖምፓ መልሶ መንፋት፥ ስልኩ መሥራት ሲጀምርም ለሚጠብቀው ዘመድ ደውሎ «ተሻግረናል» ማለት ነው የቀረው።