ሎክ ሳባ፤ የሕንድ የሕዝብ ምክር ቤትና የመራጮቹ መዝገብ



በመሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ይዞ የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ስም ቢዘለል ወይም ተሳስቶ ቢጻፍ ጉዳቱ በዚያው ዕለት አይታይም። የሚታየው የስሙ ባለቤት መብቱን ሊጠይቅ በመጣ ጊዜ ነው። ዛሬ ስለ ሕንድ አገር የታችኛው ምክር ቤት ልገልጽላችሁ ስነሣ በመዝገብ ነገር መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያ ምክር ቤት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው በታላላቅ ሰዎቹና በንግግራቸው ነው፤ እኔ ግን በጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ በኩል ይዣችሁ እንድገባ ይፈቀድልኝ። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የሕንድ ፓርላማ በሁለት ምክር ቤቶች የተከፈለ ነው። የላይኛው ራጅያ ሳባ ይባላል፤ የክፍለ ግዛቶች ጉባኤ ማለት ነው። አባሎቹን በአብዛኛው የሚመርጧቸው የየክፍለ ግዛቱ ምክር ቤቶች ሲሆኑ፣ 12ቱ ግን በርእሰ ብሔሩ ይሾማሉ። ይህ ምክር ቤት አይበተንም፤ ከአባሎቹ ሢሶው በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል። የታችኛው ሎክ ሳባ ነው፤ ትርጓሜውም የሕዝብ ጉባኤ ማለት ነው። በ2024 በተደረገው ምርጫ 543 መቀመጫዎች ነበሩት። እያንዳንዱን እንደራሴ በየምርጫ ወረዳው ያለው ሕዝብ በቀጥታ ይመርጠዋል፤ ከዕጩዎቹ መካከል ብልጫ ያለው ድምፅ ያገኘው፣ ከጠቅላላው ድምፅ ግማሹን እንኳ ባያገኝ፣ መቀመጫውን ይወስዳል።

ስሞቹ እንግዳ ቢሆኑም አከፋፈሉ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በ1955 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዘመን በአገራችን የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ይባሉ የነበሩት ሁለቱ ቤቶች በዚሁ ዓይነት የተለያዩ ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ሕዝብም የሕግ መምሪያውን አባሎች በቀጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ የመረጠው በ1957 ነው። ትልቁ ልዩነት ግን እዚህ ላይ ነው፤ በእኛ ዘንድ ሚኒስትሮቹን የሚሾመውም የሚሽረውም ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። በሕንድ ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩና ሚኒስትሮቹ በሥልጣን ላይ የሚቆዩት ሎክ ሳባ እምነቱን እስካልነፈጋቸው ድረስ ብቻ ነው። የመንግሥት ገንዘብም ነገር እንዲሁ ነው። ግብርንና ወጪን የሚመለከት ሕግ በታችኛው ምክር ቤት ከጸደቀ በኋላ፣ የላይኛው በ14 ቀን ውስጥ አሳቡን ይሰጣል፤ አሳቡን መቀበልም አለመቀበልም የታችኛው ፈንታ ነው። ስለዚህ ከረጢቱ ያለው በታችኛው ቤት እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዚህን ሥልጣን ክብደት የሚያሳይ አንድ ቀን ልጥቀስ። በኤፕሪል 17 ቀን 1999 ጠቅላይ ሚኒስትር አታል ቢሃሪ ቫጅፓዪ በሎክ ሳባ ፊት ቀርበው የመተማመኛ ድምፅ ጠየቁ። ሲደግፏቸው ከነበሩት ቡድኖች አንዱ ስለ ተለያቸው መንግሥታቸው መንገዳገድ ጀምሮ ነበር። ድምፁ ሲቈጠር 269 ደገፉ፣ 270 ተቃወሙ። በአንዲት ድምፅ የአንድ ታላቅ አገር መንግሥት ወደቀ። ከተቃወሙት አንዱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ የኦሪሳ ክፍለ ግዛት ዋና ሚኒስትር ሆነው የተሾሙ፣ ነገር ግን የሎክ ሳባ መቀመጫቸውን ገና ያልለቀቁ ሰው ነበሩ፤ ድምፅ መስጠት ይገባቸው ነበር ወይስ አይገባቸውም የሚለው ክርክር ብዙ አፍ አላቀቀ። ምክር ቤቱ ተበትኖ በዚያው ዓመት በመስከረምና በጥቅምት ገደማ ምርጫ ተደረገ፤ ቫጅፓዪም በሰፊ ድጋፍ ተመለሱ።

የምክር ቤቱ ዘመን አምስት ዓመት ነው። ይህ ወሰን አንድ ጊዜ ተጥሷል። በጁን 1975 የጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ፤ ተቃዋሚዎች ታሰሩ፤ ጋዜጦች በቅድመ ምርመራ ሥር ወደቁ። በ1976 መደረግ የነበረበትም ምርጫ ቀረና የሎክ ሳባ ዘመን በሕግ ተራዘመ። ኋላ በማርች 1977 ምርጫው በተደረገ ጊዜ ግን የገዢው ፓርቲ ተሸነፈ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯም ራሳቸው በራይ ባሬሊ ወረዳ መቀመጫቸውን አጡ። ሥልጣኑን ከእርሳቸው የተረከቡት ሞራርጂ ዴሳይ ነበሩ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ያህል ኃይል ያላት ድምፅ ከየት እንደምትመጣ ለማወቅ ወደ መጀመሪያው ምርጫ መመለስ ያስፈልጋል።

ሕንድ በ1947 ነፃ ከመውጣቷ በፊት የመምረጥ መብት በንብረትና በትምህርት የተወሰነ ነበር። በጃንዋሪ 26 ቀን 1950 የጸናው ሕገ መንግሥት ግን ይህን አጥር አፈረሰና 21 ዓመት ለሞላው ወንድና ሴት ሁሉ መብቱን ሰጠ። (በ1989 ዕድሜው ወደ 18 ዝቅ ብሏል።) ሕጉን ማወጅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። መራጩ ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደሚኖር፣ ስሙ ማን እንደሚባል ለቅሞ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

ይህ ሥራ የወደቀው በአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ላይ ነበር። ሱኩማር ሴን ይባላሉ፤ የሒሳብ ትምህርት የተማሩ፣ በቤንጋል አስተዳደር ውስጥ ያደጉ ሰው ናቸው። በ1950 የምርጫ ኮሚሽን የመጀመሪያው ኃላፊ ሆኑ። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ ምርጫው ፈጥኖ እንዲደረግ ቢመኙም ሴን ጊዜ ይሰጠኝ አሉ። አለቃ ሲቸኩል «ሥራው አልደረሰም» ብሎ መመለስ ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ደግሞም ትክክል ነበሩ። 16,500 ጸሐፊዎች ለስድስት ወር ተቀጥረው ስሞቹን በየወረዳው እየለዩ በጽሕፈት መኪና ጻፉ፤ መዝገቡን ለማተም 380,000 ደስታ ያህል ወረቀት ጠፋ። በመጨረሻም ወደ 173 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመዘገበ።

በዚህ መካከል ግን አንድ ያልታሰበ ችግር ተነሣ። በሰሜኑ ክፍል፣ በተለይም እንደ ቢሃርና ራጃስታን ባሉ አገሮች፣ ብዙ ሴቶች ስማቸውን ለመዝጋቢው ለመንገር እምቢ አሉ። ሴት የገዛ ስሟን ለባዕድ ወንድ መንገሯ ነውር ነበርና «የእገሌ እናት ነኝ»፣ «የእገሌ ሚስት ነኝ» ብለው ተመዘገቡ። በአገራችንም «የእገሌ እናት» ተብላ እየተጠራች የኖረች ሴት ጥቂት ስላልሆነች ነገሩ አያስደንቀንም። ሴን ግን በጣም ከበዳቸው። ሰው በራሱ ስም ካልተመዘገበ መራጩ ማን እንደ ሆነ በምን ይታወቃል? የእገሌ ሚስት ነኝ ብላ የመጣችው እርሷ ራሷ መሆኗንስ ማን ይመሰክራል? ስለዚህ ስማቸው እንዲታረም አዘዙ፤ በቢሃር ተጨማሪ ጊዜ ተሰጠ። ቢሆንም ከ80 ሚሊዮን ያህል ሴቶች መካከል 2.8 ሚሊዮን የሚሆኑት ስማቸውን ሳይሰጡ ስለ ቀሩ ከመዝገቡ ተሰረዙ።

በዚህ ውሳኔ ላይ እስከ ዛሬ ሁለት አሳብ አለ። አንዳንዱ የሕጉ ጥብቅነት መብቱን ራሱን ገደለው ይላል፤ በዚያ ዓመት ያልመረጠች ሴት ያን ምርጫ መልሳ አታገኘውምና። ሌላው ደግሞ ልማዱን ያስለቀቀው ይኸው ጥብቅነት ነው ይላል። እኔ በበኩሌ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ የተሰረዙት ሴቶች ጉዳት ግን ቀላል ነበር ለማለት አልደፍርም። በ1957 በተደረገው ሁለተኛ ምርጫ አብዛኛዎቹ በስማቸው ተመዝግበው ተገኙ። በ1962 ከወንዶቹ መቶኛ ጋር ሲተያይ የሴቶቹ መራጮች መቶኛ እጅግ ያነሰ ነበር፤ በ2019 ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሴቶቹ በጥቂቱ በለጠ። በመቀመጫ በኩል ገና ብዙ ይቀራል፤ ከመቀመጫዎቹ ሢሶው ለሴቶች እንዲጠበቅ የሚያዘው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የወጣው በ2023 ነው፤ ይህም ቢሆን በሥራ የሚውለው ከሕዝብ ቆጠራና ከአዲስ የወረዳ ክፍፍል በኋላ እንዲሆን ተወስኖ ነው።

መዝገቡ ከተዘጋጀ በኋላ ሁለተኛው ጥያቄ መጣ። ከመቶው ሰው ከ80 የሚበልጠው ማንበብ የማይችል ሕዝብ የዕጩውን ስም እንዴት ይለያል? መልሱ ሥዕል ሆነ። ለየፓርቲው ገበሬው ሁሉ የሚያውቀው ምልክት ተሰጠ፤ ለኮንግረስ ጥማድ በሬ፣ ለሶሻሊስቶቹ ዛፍ፣ ለጃና ሳንግ የዘይት መብራት። በመጀመሪያው ምርጫ ለእያንዳንዱ ዕጩ የራሱ ሣጥን ነበረው፤ በሣጥኑም ላይ ምልክቱ ተለጥፏል። መራጩ ወረቀቱን ተቀብሎ በወደደው ሣጥን ውስጥ ይጥላል፤ የሚጽፈው አንዳች ነገር የለም። ለዚህም 2 ሚሊዮን የብረት ሣጥን ተሠራ። ሁለት ጊዜ እንዳይመረጥ በጣት ላይ በቀላሉ የማይለቅ ቀለም ይቀባል፤ ይህ ልማድ የድምፅ መስጫው መኪና ሣጥኑን ከተካ በኋላ እንኳ አልቀረም።

ድምፅ መስጠቱ በኦክቶበር 25 ቀን 1951 ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ መራጮች በሂማላያ ተራራ በቺኒ ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ክረምቱ ገብቶ በረዶ መንገዱን ሳይዘጋው እንዲመርጡ ቀኑ ቀደመላቸው። የቀረው አገር ቀስ በቀስ እስከ ፌብሩዋሪ 1952 ድረስ መረጠ። ከ489 መቀመጫዎች ኮንግረስ 364ቱን ወሰደ። ሴን ደግሞ ዝናቸው ባሕር ተሻገረና በ1953 ወደ ጎረቤታችን ወደ ሱዳን ተጠርተው፣ ከነፃነት በፊት የተደረገውን የመጀመሪያውን የፓርላማ ምርጫ የመራውን ኮሚሽን በሊቀ መንበርነት አገለገሉ።

ከዚያ ወዲህ ሕዝቡ በዛ፤ መቀመጫው ግን በዚያው ልክ አልበዛም። በ1952 አንድ እንደራሴ በአማካይ ለ350,000 ያህል መራጮች ይናገር ነበር፤ በ2024 የተመዘገበው መራጭ ወደ 968 ሚሊዮን ስለ ደረሰ፣ አንዱ እንደራሴ የሚናገረው ለ1.8 ሚሊዮን ገደማ ሆኗል። ይህም አማካዩ ነው። በላክሻድዊፕ ደሴቶች ከ60,000 የሚያንስ መራጭ አንድ እንደራሴ ሲልክ፣ በሃይደራባድ አጠገብ ያለው የማልካጅጊሪ ወረዳ ከ3 ሚሊዮን በላይ መራጭ ይዞ የሚልከው ያው አንድ ነው።

የዚህ ምክንያት ስንፍና አይደለም። ለየክፍለ ግዛቱ የሚደርሰው መቀመጫ በ1971 የሕዝብ ቆጠራ ላይ እንዲቆም በ1976 ተወሰነ። የደቡብ ክፍለ ግዛቶች የመንግሥትን ምክር ሰምተው የወሊድን ቍጥር ቀንሰው ነበር፤ ሰሜኑ ግን እየበዛ ሄደ። መቀመጫው በሕዝብ ብዛት ብቻ ይከፈል ቢባል ምክሩን የሰሙት ድምፃቸውን ያጣሉ፤ ይቆይ ቢባል ደግሞ የሰሜኑ ሰው ድምፅ ከደቡቡ ሰው ድምፅ ቀሎ ይኖራል። ለ25 ዓመት ተብሎ የታገደው ነገር ጊዜው ሲደርስ ከ2026 በኋላ እስከሚደረገው የመጀመሪያ ቆጠራ ድረስ ተራዘመ። ሁለቱም ወገን እውነት ያለው ክርክር ስለ ሆነ፣ በአንድ ብዕር ጭረት የሚያልቅ አይመስለኝም።

ስለ ብዛቱ ይህን ያህል ካልሁ ስለ ጥቂቱም ጨምሬ ላብቃ። በ2024ቱ ምርጫ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ የምርጫ ጣቢያ ተከፍቷል፤ ደንቡ ማንም መራጭ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሄድ አይፈቅድምና። በጉጃራት ክፍለ ግዛት አንበሶች የሚኖሩበት የጊር ደን አለ፤ በደኑ ውስጥ ባኔጅ በሚባለው ስፍራ ቤተ መቅደስ አለ፤ በመራጮች መዝገብ ላይ የሰፈረው የዚያ ስፍራ ነዋሪ ደግሞ የቤተ መቅደሱ ጠባቂ ብቻ ነበር። በ2009፣ በ2014ና በ2019 ምርጫ አስፈጻሚዎቹ መዝገባቸውን፣ የድምፅ መስጫውን መኪናና ቀለማቸውን ይዘው በጫካው መንገድ ወደዚያው ሄዱ፤ ጣቢያውንም እንደ ሌላው ጣቢያ ሁሉ በሥርዓት ከፈቱ። ሰውዬው መጣ፤ ስሙ ከመዝገቡ ተነበበ፤ የግራ እጁ ጣት ተቀባ፤ ድምፁንም ሰጠ። በማግሥቱ ጋዜጦቹ የባኔጅን ውጤት ሲያወጡ ከመቶ መቶ መረጠ ብለው ጻፉ።