ከስህተት ጋር የሚሽቀዳደም ስሌት

ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የኪዩቢቱ፣ ማለትም የማሽኑ መሠረታዊ የመረጃ አሃድ፣ ብዛት ነው። አይቢኤም በ2023 ባለ 1,121 ኪዩቢቱን ኮንዶር ቺፕ ሲያስተዋውቅም መነጋገሪያ የሆነው ቁጥሩ ነበር። እኔ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት፣ ኪዩቢቶቹ ሳይሳሳቱ ስንት እርምጃ ያሰላሉ የሚለው ይመስለኛል።

ኪዩቢት በቀላሉ ይረበሻል። የጎግልና የአይቢኤም ቺፖች ከፍጹም ዜሮ በላይ የዲግሪ መቶኛ ግድም በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ እንዲያም ሆኖ ሽራፊ ሙቀት ወይም ከጎረቤት ኪዩቢት የሚመጣ ንክኪ ስሌቱን ያበላሻል። ሁለት ኪዩቢቶችን የሚያገናኝ አንድ እርምጃ የመሳሳት ዕድሉ ግማሽ በመቶ ነው እንበል። ከ200 እርምጃ በኋላ ስሌቱ ያለ እንከን የማለፍ ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ነው፤ ከ1,000 በኋላ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፒተር ሾር በ1994 ያቀረቡት ዝነኛ ስልተ ቀመር ዛሬ የምንጠቀምበትን ባለ 2,048 ቢት የምስጢር ቁልፍ ለመስበር የሚፈልገው እርምጃ በቢሊዮን ይቆጠራል።

ታዲያ በእነዚህ ማሽኖች ምን ይሠራል? በ2014 ይፋ የሆነው ቪኪውኢ የተባለ ስልተ ቀመር ሥራውን ለሁለት ከፈለው። የኳንተሙ ማሽን የሞለኪውልን ኤሌክትሮኖች የሚወክል ሁኔታ በጥቂት እርምጃ ፈጥሮ ይለካል፤ ስህተት ሳይከመር ያቆማል። ተራው ኮምፒውተር ከልኬቱ የሞለኪውሉን ኢነርጂ ያሰላል፣ የማሽኑን መቆጣጠሪያ ቁጥሮች ትንሽ ያስተካክልና እንደገና ያስጀምረዋል። በንድፈ ሐሳቡ የትኛውም ሙከራ ከእውነተኛው ዝቅተኛ ኢነርጂ በታች ስለማይወርድ፣ ዝቅ ያለ ውጤት ሁሉ ወደ እውነቱ የቀረበ ነው። ይህ ብልሃት በጣም ያስደንቀኛል፤ የማሽኑን ድክመት አምኖ የተነደፈ ነውና።

ችግሩ ግን አላለቀም። ውጤቱን 10 እጥፍ ለማጥራት ልኬቱን 100 እጥፍ መደጋገም ያስፈልጋል። ኪዩቢቱ ሲበዛ ደግሞ ሌላ መዘዝ ይመጣል፦ በ2018 የጎግል ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ በዘፈቀደ የተጀመረ የዝቅተኛ ኢነርጂ ፍለጋ በጭጋግ ውስጥ ቁልቁለት እንደሚፈልግ መንገደኛ ማለቂያ በሌለው ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ቁጥሮቹን ወዴት ማዞር እንደሚሻል የሚጠቁም ነገር የለም። እስካሁን የተሞከሩትን ትናንሽ ሞለኪውሎች ደግሞ ላፕቶፕም ያሰላቸዋል። የሚፈለገው ሌላ ነው፤ ለምሳሌ በባቄላና በአተር ሥር ያሉ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙበት ኢንዛይም እምብርት፣ ኤሌክትሮኖቹ እጅግ የተሳሰሩ ስለሆኑ፣ ለተራ ኮምፒውተር ከባድ ነው።

ስለዚህ ተስፋዬን የምጥለው በስህተት ማረም ላይ ነው። በ2024 የጎግሉ ዊሎው ቺፕ 101 ኪዩቢቶችን አስተባብሮ አንድ የተጠበቀ ኪዩቢት አስገኘ፤ የኪዩቢቶቹ ስብስብ በየደረጃው ሲያድግ ስህተቱ በግማሽ ያህል ቀነሰ። ያ ኪዩቢት ግን መረጃ ያዘ እንጂ ገና አላሰላም።