«ወራጅ አለ!»፦ ከገጠር ለሚመጣ እንግዳ የሳሪስ አቦ ቋንቋና ሥርዓት

የመኸር እህል ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ የገጠሩ ሥራ ይቀዘቅዛል። እስከ ቀጣዩ እርሻ ባሉት የበጋ ወራት በርካታ ወጣቶች ጥቂት ጥሪት ለመያዝ፣ አንዳንዶቹም የማዳበሪያ መግዣ ለማግኘት ወደ አዲስ አበባ ያቀናሉ። ከደቡብና ከምሥራቅ መስመር ከሚመጡት ብዙዎቹ ቃሊቲ መናኸሪያ ላይ ወርደው ወደ መሐል ከተማ ሲዘልቁ በሳሪስ አቦ ያልፋሉ። በዚያ መስመር ጋራዡ፣ ጎሚስታው፣ ላቫጆውና የግንባታ ሥራው በርከት ስለሚል እዚያው ሥራ ይዘው የሚቀሩም ጥቂት አይደሉም።

እነዚህ እንግዶች ለመሳፈሪያ፣ ለማደሪያና ለምግብ የሚሆን ገንዘብ ቋጥረው ይመጣሉ። ለቋንቋው ግን የሚዘጋጅ የለም፤ በተለይ አፉን በአማርኛ የፈታ ወጣት ቋንቋ ይቸግረኛል ብሎ አያስብም። ይሁን እንጂ የመጀመሪያው ኪሳራ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ፈተናው ከታክሲ ይጀምራል። ዕቃ የያዘ እንግዳ ከመናኸሪያ ሲወጣ «ኮንትራት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ኮንትራት ሲባል እንግዳው የሚያስበው ስለ ውል ነው፤ በታክሲ ቋንቋ ግን ቃሉ መኪናውን ለብቻ መከራየት ማለት ነው። ሳያጣራ «አዎ» ያለ ሰው ሌሎች በታሪፍ የሚሄዱበትን መንገድ በብዙ እጥፍ ይከፍልበታል። በታሪፍ የሚጭኑት ሚኒባሶች ተራ ይዘው ይጭናሉ፤ ተሳፋሪውም ይሰለፋል። ሰልፍ ዘሎ መግባት ነውር ነው።

ከተሳፈሩ በኋላ ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲል ከኋላ የተቀመጠው ሰው ገንዘብ በተሳፋሪዎች እጅ ተቀባብሎ ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። የማያውቁትን ሰው ብር ተቀብሎ ማሻገር የሁሉም ተሳፋሪ ድርሻ ነው። መውረድ የፈለገ ደግሞ «ወራጅ አለ!» ይላል። ድምፁ ካልተሰማ መኪናው ያልፋል። በገጠር በታላላቆች ፊት ድምፅን ከፍ ማድረግ ካለመታረም ስለሚቆጠር ብዙዎች በዚህች ቃል ይሸማቀቃሉ፤ መውረጃቸውን አልፈው በእግራቸው የሚመለሱም አሉ። በታክሲው ውስጥ ግን ቃሏን እንደ ነውር የሚያይ አንድም ሰው የለም። ጥንቃቄ የሚሻው ሌላው ነው፦ «ወያላ» የሚለው ስም በሰፊው ቢሠራበትም ፊት ለፊት ሲነገር የንቀት ቃና አለው። «ረዳት» ወይም «ወንድሜ» ማለት ይሻላል።

የሠፈሩ ስም ራሱ ሁለት መልክ አለው። «አቦ» የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መጠሪያ ሲሆን አካባቢው ስሙን ያገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ ወር በገባ በ5፣ ይልቁንም በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ዓመታዊ በዓላት መንገዱ በምእመናን ይሞላል። በወጣቶች አንደበት ግን «አቦ» ሌላ ነገር ነው። «ተወኝ አቦ» ሲባል መሰልቸት፣ «ይመችህ አቦ» ሲባል ደግሞ ምርቃት መሰል አድናቆት ነው። አነጋገሩ ይበልጥ የሚታወቀው በድሬዳዋና በሐረር ሰዎች ዘንድ ሲሆን ዛሬ በአዲስ አበባም ይሰማል።

የአክብሮት አጠራሩም ይለያል። በሰሜኑ የገጠር አካባቢዎች ታላቅን «አንቱ» ማለት የተለመደ ነው። አዲስ አበባ «እርስዎ» ትላለች፤ «አንቱ» ለከተሜው ጆሮ የባላገር ወግ ሆኖ ይሰማዋል። የሚያስገርመው፣ ይኸው ከተሜ አንድን የተከበረ ባለሙያ ሲያሞግስ «አንቱ የተባለ» ማለቱ ነው። የሠፈሩ ወጣት በበኩሉ የማያውቃቸውን አረጋውያን ከእንግሊዝኛ በተወሰዱ ቃላት «ፋዘር»፣ «ማዘር» ይላቸዋል። በእርሱ አፍ መቀራረብን ይገልጻሉ። ለአሠሪና ለቤት አከራይ ግን አይሆኑም፤ «ጋሼ» እና «እትዬ» በየትኛውም በር ያስገባሉ።

የወጣቶቹ አነጋገር «የአራዳ ቋንቋ» ይባላል። አራዳ በፒያሳ ዙሪያ ያለው አካባቢ ሲሆን የከተማዋ ትልቁ ገበያ በዚያ ነበር። ገበያው በፋሺስት ጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ ዛሬው መርካቶ ቢዛወርም የቦታው ስም ለነቃና ለቀለጠፈ ሰው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ተቃራኒው «ፋራ» ነው፤ ከገጠር የመጣ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ስም። ሰውን ከውስጥና ከውጭ የሚለይ አነጋገር ግን የዛሬ ወጣቶች ፈጠራ አይደለም። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው የኢትዮጵያ ነጋዴዎችና አዝማሪዎች ሌላው እንዳይረዳቸው የሚጠቀሙባቸውን የምሥጢር ቋንቋዎች ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት መዝግበዋል። ተሾመ ደምሴና ሊዮኔል ቤንደርም በአዲስ አበባ ወጣት ሴቶች ዘንድ ስለነበረ ተመሳሳይ አነጋገር እ.ኤ.አ. በ1983 ጥናት አሳትመዋል።

ዛሬ በሳሪስ ጎዳና ከሚሰሙት ቃላት መካከል «ጀለስ» ጓደኛ፣ «ነፍ» ብዙ፣ «ሼባ» በዕድሜ የገፋ ሰው ማለት ነው። «ፒስ ነው» ደህና ነው እንደ ማለት ነው። «ሙድ መያዝ» በሰው ማሾፍ ነው፤ «ፈታ በል» ደግሞ ዘና በል። ቃላቱን መረዳት ይጠቅማል፤ ለመናገር ግን መቸኮል አያስፈልግም። «ላሽ በል» በጓደኛሞች መካከል ቀልድ ሲሆን ለማያውቁት ሰው ከተነገረ ጠብ ያስነሳል። ቃላቱ ቶሎ ያረጃሉም፤ አምና የተማረውን ይዞ የሚመጣ ሰው ከማያውቀው ይልቅ ይሳቅበታል።

በግንባታ ቦታ የሚጠብቀው ደግሞ የሙያ ቋንቋ ነው። «ፌሮ»፣ «አርማታ» እና «ባሬላ» ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፦ የብረት ዘንግ፣ በብረት የተጠናከረ ኮንክሪት፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው የአፈርና የድንጋይ ማጓጓዣ። እነዚህን ሁለት ቀን የሠራ ሁሉ ይለምዳቸዋል። ገንዘብ የሚያሳጣው «በቀን» እና «በቁርጥ» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ነው። በቀን የተቀጠረ ሰው ለዕለቱ ይከፈለዋል። በቁርጥ የተስማማ ግን ሥራው ሦስት ቀን ቢፈጅ የሚያገኘው የተነገረውን ያንኑ ዋጋ ነው። ይህንን ሥራው ከመጀመሩ በፊት፣ ሌላ ሰው በሰማበት ማስረገጥ ያስፈልጋል።

እንግዳ ሠራተኛን በቋንቋ የሚፈትነው አዲስ አበባ ብቻ አይደለም። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ1975 በጀመረችው የሥራና የጉብኝት ቪዛ ከየአገሩ የሚመጡ ወጣቶች ሻንጣቸውን በጀርባቸው አዝለው በአገሪቱ ይዘዋወራሉ። ብዙዎቹ ቪዛውን ለሁለተኛ ዓመት ለማሳደስ 88 ቀን በገጠር ይሠራሉ፤ ፍራፍሬ መልቀም አንዱ ነው። ጉዞው የእኛው ተገላቢጦሽ ነው፤ የከተማ ልጅ ከገበሬ ቋንቋ ይማራል። የሥራ ዕረፍት «ስሞኮ»፣ ከሰዓት በኋላ «አርቮ» ይባላል። ብቻውን ታክሲ የያዘ ሰው ከሾፌሩ ጎን መቀመጡ የእኩልነት ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። በመጠጥ ቤትም በየተራ ለሁሉም መጋበዝ አለ፤ ተጋብዞ ተራው ሲደርስ የሚጠፋ ሰው ስሙ ይከፋል።

በአዲስ አበባ ያለማወቅ ዋጋ አንዳንዴ ከመሳቂያነት ያልፋል። «ሿሿ» የሚባለው የስርቆት ዘዴ ታክሲ በሚመስል መኪና ይፈጸማል። ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡት ተባባሪዎች ናቸው። እንግዳውን በመሐል አስገብተው «ተጠጋ»፣ «በሩ አልተዘጋም» እያሉ ሲያዋክቡት ስልኩንና ገንዘቡን ይወስዱና ሰበብ ፈጥረው ያወርዱታል። ግራ መጋባቱ የገባው ሰው እንኳ «ፋራ» እንዳይባል ዝም ይላል፤ ሌቦቹ የሚተማመኑትም በዚህ ዝምታ ነው።

ስለዚህ ተራ ካልያዘና ከተሰላፊ ፊት ካልቆመ መኪና መሳፈር አይገባም። ሞባይልና ገንዘብ ከውስጥ ኪስ ይቀመጣሉ። ታሪፉን ለማወቅ ደግሞ ከረዳቱ ይልቅ ከፊት የተሰለፈውን ሰው መጠየቅ ይቀላል፤ በሳሪስ አቦ ሰልፍ ላይ ይህን ጥያቄ በየቀኑ የሚጠይቁት አብዛኞቹ የከተማው ነዋሪዎች ራሳቸው ናቸው።