ሱስን በንግግር ማከም፦ የሙያው መነሻና አሠራር

የሱስ ሕክምና ባለሙያ የሚባለው፣ አልኮልን፣ ጫትን፣ ትንባሆንና የመሳሰሉትን መተው ያቃተውን ሰው በምክክር የሚረዳ ሲሆን፣ ወደ ሙያው የሚገባውም ከሥነ ልቦና፣ ከማኅበራዊ ሥራ ወይም ከአእምሮ ሕክምና ነርስነት ነው። ከሱስ ያገገሙ ሰዎችም በዘርፉ የቆየ ድርሻ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ አክረን ከተማ አንድ የአክሲዮን ገበያ ሰውና አንድ ሐኪም፣ ሁለቱም ጠጪዎች፣ የመሠረቱት የአልኮል ሱሰኞች የመረዳጃ ማኅበር ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው።

ለረጅም ጊዜ የነበረው ልማድ ሱሰኛውን መገሠጽና ጥፋቱን እንዲያምን መጫን ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያው ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ጽሑፍ ግን ይህን አካሄድ የሚለውጥ፣ የታካሚውን የራሱን ተነሳሽነት የሚያጎለብት የቃለ ምልልስ ዘዴ አቀረበ። መነሻው ሱሰኛው ሁለት ልብ መሆኑ ነው፤ ሲወቀስ ለመጠጡ ጠበቃ ይቆማል፣ ሲደመጥ ግን የመተዉን ምክንያት ከራሱ አፍ ያወጣዋል።

ምክክሩ ከመጀመሩ በፊት ምርመራ ይቀድማል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የአልኮል መጠይቅ 10 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፣ ውጤቱ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል። ለዓመታት በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታን የመሰለ መንቀጥቀጥና የአእምሮ መቃወስ ሊገጥመው፣ አልፎም ሊሞት ስለሚችል፣ ዐዋቂ ባለሙያ እንዲህ ያለውን ሰው «ዛሬውኑ ተወው» ብሎ አይሸኝም፤ አስቀድሞ ወደ ሐኪም ይልከዋል።

የጫት ነገር ሌላ ነው። አነቃቂው ንጥረ ነገር ካቲኖን ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ቶሎ ስለሚከስም ጫት ትኩስ እንዲሆን ይፈለጋል፤ በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ የሚጓጓዘውም ስለዚሁ ነው። ለጫት ሱስ የጸደቀ መድኃኒት ባለመኖሩ ሸክሙ በምክክሩ ላይ ይወድቃል፤ ለምክክሩ ደግሞ የቃሚዎቹ የራሳቸው ቋንቋ ከብዙ መጠይቅ ይልቅ ይጠቅማል። ሐራራ የሱሱን ጥሪ፣ ምርቃና የመነቃቃቱን ጣሪያ፣ ዱካክ ጫት በቀረበት ሌሊት የሚመጣውን አስጨናቂ ሕልም፣ ጨብሲ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣውን መጠጥ ይገልጻሉ። በመሆኑም ስለ ጫቱ ብቻ የጠየቀ ባለሙያ መጠጡን ሳያየው ሊያልፍ ይችላል፤ የሐራራውን ሰዓት፣ የመቃሚያውን ቤትና የበርጫ ጓደኞቹን ከታካሚው ጋር አንድ በአንድ ያጠና ግን መልሶ የሚጥለውን አጋጣሚ አስቀድሞ ያውቀዋል።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለው አገልግሎት በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታልና በጥቂት ሌሎች ተቋማት የተወሰነ በመሆኑ፣ ብዙ ቤተሰብ ሱሰኛውን አስቀድሞ ወደ ጠበል ይወስደዋል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያግድ፣ ጫት ግን በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ፣ ለአገሪቱም የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ምርት ሆኖ ቀጥሏል።