የልደቱን ኬክ በቤታችን እናስጊጠው

የልጅ ልደት ሲቃረብ በብዙ የከተማ ቤተሰቦች ዘንድ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ኬኩ ከኬክ ቤት ይታዘዝ ወይስ ቤት ውስጥ ይጋገር የሚለው ነው። ብዙዎቹ እናቶች መጋገሩ አያስፈራቸውም። ዱቄቱን፣ እንቁላሉንና ስኳሩን አዋሕደው ደህና አድርገው ያበስሉታል። የሚያሰጋቸው ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ከመጋገሪያው የወጣው ኬክ ያለ ምንም ጌጥ በእንግዶች ፊት መቅረቡ ያሳፍራል በማለት ለሌላ ጉዳይ የታሰበውን ገንዘብ አንሥተው ወደ ኬክ ቤት ይሄዳሉ። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ደስታ ሲባል የወሩ የቤት ወጪ የሚናጋበት፣ አልፎ ተርፎም ብድር የሚገባበት ጊዜ አለ።

የኬክ ቤት ባለሙያ ለዓመታት ያካበተውን ሙያ በአንድ ቀን መውረስ እንደማይቻል የታወቀ ነው። ሆኖም በኬክ ላይ የምናየውን ሽፋንና አበባ ከቅቤና ከስኳር ቤት ውስጥ መሥራት ይቻላል። ምስጢሩ ያለው በመሣሪያው ውድነት ሳይሆን የቅቤውን ሙቀትና ቅዝቃዜ ለይቶ በማወቁ ላይ ነው። ይህን የተረዳች እናት በቢላዋ፣ በሹካና በወረቀት ብቻ የልጇን ኬክ አስጊጣ ለማቅረብ ትችላለች።

የትኛው ቅቤ ይሻላል?

ለዚህ ሥራ የሚስማማው ጨው የሌለበት የገበታ ቅቤ ነው። ለወጥ የምንጠቀምበት ንጥር ቅቤ አይሆንም። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ጣዕሙን ከመለወጣቸውም ሌላ፣ ሲነጠር ውሃው ተንኖ ስለሚያልቅ ከስኳሩና ከወተቱ ጋር እንደሚፈለገው አይዋሐድም። ከገበያ የሚገዛው ለጋ ቅቤም ቢሆን ከእርጎ የተናጠ በመሆኑ ኮምጠጥ ይላል፤ የዕቃው የወይራ ጢስም ይሸታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ካልፈላ ወተት የተገኘ ቅቤ የበሽታ ተሕዋስያንን ሊይዝ ይችላል። ክሬሙ እሳት የማይነካው በመሆኑ ይህ በቀላሉ የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

በጾም ወቅት በቅቤው ፈንታ ማርጋሪን፣ በወተቱ ፈንታ ውሃ መጠቀም ይቻላል። ነገር ግን አንዳንዱ ማርጋሪን ወተት ስለሚገባበት ከመግዛት በፊት በመጠቅለያው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። ማርጋሪን ከቅቤ ይልቅ የለሰለሰ ስለሆነ የሚጨመረው ውሃ ጥቂት መሆን ይኖርበታል።

አሠራሩ

20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለውና ከሁለት ንብብር ለሚሠራ ኬክ 250 ግራም ቅቤ፣ 500 ግራም ዱቄት ስኳር፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተትና 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ ይበቃል። ዱቄት ስኳር ያጣ ሰው ተራውን ስኳር በደረቅ ብሌንደር ፈጭቶ ወይም በሙቀጫ ወቅጦ በስስ ወንፊት መንፋት ይችላል። ስኳር በቅባት ውስጥ ስለማይሟሟ በደንብ ካልደቀቀ ክሬሙ ጥርስ ላይ ይንቋቋል። በርበሬ የተወቀጠበትን ሙቀጫ ግን መጠቀም አይገባም።

ቅቤው በቅድሚያ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ይለሰልሳል። ልክ መሆኑ የሚታወቀው በጣት ሲጫኑት ምልክት ሲቀበልና ገና ሳያብረቀርቅ ነው፤ ካብረቀረቀ መቅለጥ ጀምሯል ማለት ነው። ከዚያም ነጣ እስኪልና እስኪቀል ድረስ ብቻውን ይመታል። በኤሌክትሪክ መምቻ 5 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። መብራት ከሌለ በእንጨት ማንኪያ መምታት ይቻላል፤ ክንድ ያደክማል እንጂ ውጤቱ ያው ነው። ስኳሩ ከሦስት ተከፍሎ በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። በመጨረሻ ወተቱና ቫኒላው ገብቶ እንደገና ይመታል።

ክሬሙ የተቋጠረ ቢመስል ቀዝቅዞ ነውና ሳህኑን ለብ ባለ ውሃ ላይ ለጥቂት ጊዜ አስቀምጦ መምታት ነው። ቢፈስስ ደግሞ ሞቆ ነውና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ አቆይቶ መምታት ነው። ብዙ እናቶች ተበላሸ ብለው የሚደፉት ክሬም በዚህ ዘዴ የሚድን ነው።

የአገሩ አየር

በዚህ ረገድ የምንኖርበትን ቦታ ማገናዘብ ይገባል። በአዲስ አበባ በክረምት ቅቤው ድንጋይ ስለሚሆን ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድሞ መውጣት ሊያስፈልገው ይችላል። በድሬዳዋና እንደ እርሷ ባሉ ቆላማ ከተሞች ግን ቀትር ላይ ቅቤው ይቀልጣል። በዚያ የሚኖሩ እናቶች ሥራውን በማለዳ ወይም በምሽት ቢያከናውኑት፣ የመምቻውን ሳህን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ሳፋ ላይ ቢያስቀምጡትና ኬኩን እስኪቆረስ ድረስ ከማቀዝቀዣ ባያወጡት ይሻላል።

ከፍታም የራሱ ውጤት አለው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ የሚገኝ በመሆኑ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው። በዚህ ምክንያት ኬክ ፈጥኖ ይነሣና መሐሉ ይሰረጉዳል። ከውጭ አገር መጽሐፍ የተገኘ አሠራር ሲሞከር ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ ያህል መቀነስ ይረዳል። መሐሉ ቢሰረጉድም ጠርዙን በቢላዋ አስተካክሎ ጉድጓዱን በክሬም መሙላት ይቻላልና ያ ኬክ የሚጣል አይደለም።

አቀባቡና ጌጡ

ኬኩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ክሬም ሊነካው አይገባም፤ ቅቤው ይቀልጥና ይንሸራተታል። ከቀዘቀዘ በኋላ በመጀመሪያ ስስ ሽፋን ይቀባል። የዚህ ሽፋን ተግባር ፍርፋሪውን ይዞ ማስቀረት ብቻ ስለሆነ ባያምርም ግድ የለም። ለግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ከቆየ በኋላ ሁለተኛው ሽፋን ይደረብበታል። ቢላዋውን በሙቅ ውሃ እየነከሩና በንጹሕ ጨርቅ እያደረቁ ቢጎትቱት ገጹ እንደ መስተዋት ይስተካከላል።

ለጌጥ የሚሆን የብረት አፈሙዝ ከሌለ በመጋገሪያ ወረቀት መጠቀም ይቻላል። ወረቀቱ ቆሎና ኦቾሎኒ ሻጮች እንደሚጠቀልሉት ሁሉ ሾጣጣ ሆኖ ይጠቀለልና ክሬም ይሞላበታል። ጫፉ በጥቂቱ ከተቆረጠ ስም ለመጻፍ፣ ሰፋ ተደርጎ ከተቆረጠ ጠርዙን በነጠብጣብ ለመክበብ ያገለግላል። ቀለሙ ስለሚለቅ የጋዜጣ ወረቀት ለዚህ ተግባር ሊውል አይገባም። እጃቸውን ለማፍታታት የሚሹ በሳህን ላይ ደጋግመው ቢለማመዱ ክሬሙን መልሰው ሊሰበስቡት ይችላሉ። ጽሕፈቱ የሚያስቸግር ቢሆን በሹካ ጥርስ የማዕበል መስመር፣ በማንኪያ ጀርባ ደግሞ የአበባ ቅጠል የመሰለ ቅርጽ ማውጣት ይቻላል።

ቀለምም ከጓዳችን አይጠፋም። ጥቂት የቀይ ሥር ጭማቂ ሮዝ ያደርገዋል። እርድ በቢላዋ ጫፍ ያህል ሲጨመር ቢጫ ይሆናል። ካካዎ ቡናማ ያደርገዋል። አንድ ማንኪያ ወፍራምና የቀዘቀዘ ቡና ደግሞ ቀለምም ጣዕምም ይሰጠዋል። ጭማቂው ከበዛ ክሬሙ ይለያያልና በጠብታ መጨመር ነው። ለምግብ ያልተሠራ ቀለም ወይም ከግቢ የተቀጠፈ ያልታወቀ አበባ በኬክ ላይ መዋል የለበትም። ለሕፃናት በሚቀርብ ኬክ ውስጥ የጥርስ መፋቂያ ስንጥር መሰካትም አደገኛ ነው።

ሥራውን ለሦስት ቀን መክፈል

ቀኑን ሙሉ በሥራ የምትውል እናት ይህን ሁሉ በልደቱ ዕለት ልጨርስ ብትል ይደክማታል፤ ኬኩም አይቀዘቅዝላትም። ድግሱ ቅዳሜ ቢሆን ሐሙስ ማታ ኬኩን ጋግሮ በደንብ ጠቅልሎ ማስቀመጥ፣ ዓርብ ማታ ክሬሙን መትቶ መቀባት፣ ቅዳሜ ጧት ማስጌጥ ይቻላል። ቅቤ ሽታ ስለሚስብ ከሽንኩርትና ከወጥ አርቆ በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥ ያሻል።

ከዚህም ሌላ ሥራው ለእናት ብቻ የተተወ መሆን የለበትም። ቅቤውን ለመምታት የአባት ክንድ ከእናት ክንድ አያንስም። ልጆችም ስኳሩን ይነፋሉ፤ ጠርዙን በነጠብጣብ ይከባሉ። ነጠብጣቡ ቢጣመምም ልጁ በጓደኞቹ ፊት «ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት» ማለት የሚችልበት ጌጥ ነው።

ስለ ጤንነት

ስለ ክሬሙ ስንናገር ስለ መጠኑም መናገር ግድ ነው። 500 ግራም ስኳር የገባበት ክሬም ለ20 ሰው ቢከፋፈል ለእያንዳንዱ 25 ግራም ስኳር ይደርሰዋል፤ ኬኩ ውስጥ ያለው ሳይቆጠር ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ ላይ ከሚጨመር ስኳር እንዲሁም ከማርና ከፍራፍሬ ጭማቂ የሚገኘው ኃይል በቀን ከምንመገበው ጠቅላላ ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። ይህም ለአንድ አዋቂ ሰው 50 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ ሽፋኑን አሳስቶ ጌጡን በጠርዙ ላይ ብቻ ማድረግ ወጪንም ስኳርንም ይቀንሳል። ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ጣፋጭ ምግብ ስለማይመከር፣ የመጀመሪያ ልደቱን ለሚያከብር ሕፃን የበሰለ ሙዝ ቢሰጠውና ክሬሙ ለታላላቆቹ ቢተው መልካም ነው። ጥሬ እንቁላል የሚገባበት የክሬም ዓይነትም ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡሮች አይስማማም።

እንግዲህ ለአንድ ልደት የሚያስፈልገው ሩብ ኪሎ ቅቤ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ ወረቀትና ትዕግሥት ነው። የመጀመሪያው ኬክ ጎኑ ወጣ ገባ ቢል፣ በላዩ የተጻፈው ስም ቢንሻፈፍ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል። ጎረቤት ካቀረበው ኬክ ጋር ለመወዳደር ሲባል በብድር የተገዛ ኬክ በአንድ ሰዓት ተበልቶ ያልቃል፤ ዕዳው ግን ለወራት ይከተላል። በቤት የተሠራው ኬክ ካለቀ በኋላ የሚቀረው ሙያው ነውና፣ በሚቀጥለው ዓመት ያው ልጅ ወንፊቱን ይዞ መጀመሪያ የሚጠብቀን እሱ ይሆናል።