መርፌ የፈራው ሰው

አሊ ማው ማሊን በደቡብ ሶማሊያ በመርካ ከተማ ሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር። ባልደረቦቹ የፈንጣጣ ክትባት ሲወስዱ ክንዱን ያመመው መስሎ ዞር አለ። መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ እንደነበር ኋላ በራሱ አንደበት ተናግሯል። በጥቅምት 1977 (እዚህ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ፈንጣጣ የያዛቸውን ሁለት ልጆች የጫነ መኪና መንገድ ጠፍቶበት ወደ ሆስፒታሉ መጣ። ማሊን ተሳፍሮ መንገዱን አሳየ። ጉዞው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም በሽታው ያዘው። እንደ ዕድል ሆኖ ዳነ፤ ስሙም በዓለም ላይ ፈንጣጣ በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻ ሰው ተብሎ ተመዘገበ።

ማሊን ከጤና ተቋም ርቆ የሚኖር ሰው አልነበረም። ክትባቱ በሚሰጥበት ግቢ እየዋለ ነው የሸሸው። ከክትባት የሚያፈገፍገውን ሁሉ «ባያውቅ ነው» ብለን የምናልፍ ሰዎች ይህን ታሪክ ደጋግመን ልናስበው ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ክትባትን ማመንታት ከአሥሩ ዋና ዋና የዓለም ጤና ሥጋቶች አንዱ ብሎ ፈርጆታል። ድርጅቱ የሰበሰባቸው ባለሙያዎች ሦስት ምክንያቶችን ይለያሉ። አንዱ መዘናጋት ነው፤ ክትባቱ በሽታውን ከዓይን ሲያርቀው ፍርሃቱም አብሮ ይርቃል። ሁለተኛው የአገልግሎቱ አለመመቸት ነው። ልጇን አዝላ ግማሽ ቀን የተጓዘች እናት «ዛሬ አልቋል፣ ሌላ ቀን ነይ» ተብላ ብትመለስና ብትቀር፣ ያስቀራት መንገዱ እንጂ እምነቷ አይደለም። ሦስተኛው፣ ከሁሉም የሚከብደው፣ አመኔታ ማጣት ነው።

አመኔታ ሲጠፋ የሚሆነውን ካኖ አይታዋለች። ይህች የሰሜን ናይጄሪያ ግዛት በ2003 የፖሊዮ ጠብታ ክትባት ዘመቻን አገደች። ጠብታው መካን ያደርጋል፣ ኤችአይቪም አለበት የሚል ወሬ ተናፍሶ ነበር። ወሬው ሐሰት ነው። ሰሚ ያገኘው ግን ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1996 ማጅራት ገትር ካኖን ሲፈጅ፣ የመድኃኒት ኩባንያው ፋይዘር፣ ትሮቫን የተባለ አዲስ መድኃኒት በ200 ሕፃናት ሞክሯል፤ ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ ነባሩን መድኃኒት ወሰዱ፤ ከሁለቱም ወገን በድምሩ 11 ሞቱ። ወላጆች «ሙከራ መሆኑን የነገረን የለም» ብለው ከሰሱ። ኩባንያው ደግሞ ልጆቹን የገደላቸው በሽታው ነው ብሎ ተከራከረ፤ በ2009 ከግዛቱ ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ ነው። በዚያ ላይ፣ ጤና ጣቢያው የወባ ኪኒን በሌለው ሰፈር ነጻ ጠብታ የያዘ ሰው በየደጁ ሲመላለስ «ለዚህ ብቻ ለምን እንዲህ ተጨነቁልን?» ብሎ መጠየቅ ድንቁርና አይደለም።

እገዳው አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ቆየ። ቫይረሱ ግን ድንበር አላገደውም። ከ2001 ወዲህ ፖሊዮ ያልታየባት ኢትዮጵያ እንኳ በሱዳን በኩል በገባው ቫይረስ ልጆቿ ዳግም ሽባ ሆኑ።

ካኖ የተመለሰችው በስድብ ወይም በዱላ አይደለም። ክትባቱ ሕዝቡ በሚያምናቸው ሰዎች ፊት ተመረመረ፤ አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነባት በኢንዶኔዥያ የተመረተው እንዲመጣ ተደረገ፤ የግዛቱ አስተዳዳሪም የገዛ ልጁን በአደባባይ አስከተበ። በኋለኞቹ ዓመታት አሚሮችና ኢማሞች ዘመቻውን ተቀላቀሉ፤ የሰፈሩ እናቶች ሠልጥነው ጎረቤቶቻቸውን አነጋገሩ፤ ፖሊዮ እግራቸውን የነሣቸው ሰዎች ደጃፍ ድረስ ሄዱ። ከጠብታው ጎን የወባ መድኃኒትና ሳሙና ቀረበ። «ለምን ይህ ብቻ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር። ነሐሴ 25 ቀን 2020 አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ ታወጀ።

ለእኛም ትምህርቱ ቅርብ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትልቁ ሀብቷ የምታገለግለው ሕዝብ ልጅ መሆኗ ነው። መርፌውን ከመስጠቷ በፊት «ማታ ሊያተኩሰው ይችላል፣ የተወጋበትም ትንሽ ያብጥ ይሆናል፣ አትደንግጪ» ብላ ብትነግር፣ እናቲቱ ትኩሳቱን ስታይ የተነገራት እውነት መሆኑን ታረጋግጣለች። ይህን ሳትሰማ የሄደች እናት ግን ሌሊቱን ሙሉ «ልጄን ምን አደረጉት?» እያለች ታድራለች፤ ከሚቀጥለው ክትባት ለመቅረት የምትወስነው በዚያች ሌሊት ነው። ስለዚህ ለክትባት በሚመደበው በጀትና ጊዜ ውስጥ ለማስረዳትና ለማዳመጥ የሚበቃ ሰዓት መኖር አለበት። በወረፋ የተጨናነቀች ባለሙያ ጥያቄን በትዕግሥት መመለስ አትችልም።

ማሊን በኋለኛው ዕድሜው የፖሊዮ ዘመቻ ሠራተኛ ሆነ። በ2013 በሽታው ወደ ሶማሊያ ሲመለስ፣ በዚያው ዓመትም ወደ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ሲሻገር፣ እሱ በመርካ ዘመቻ ላይ ነበር። በሐምሌ ወር ወባ ገደለው። እስከዚያች ቀን ድረስ እምቢ ላሉት እናቶች የሚነግራቸው የራሱን ታሪክ ነበር፦ ፈርቶ እንደሸሸ፣ በሽታው እንደያዘው፣ እነሱም የእሱን ስሕተት እንዳይደግሙ።