በወረርሽኝ ወቅት የመምረጥ ዕድልና የስሜት መረጋጋት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ የኅብረተሰቡ ዕለታዊ ኑሮ በአጭር ጊዜ ተለውጦ ነበር። ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ በሠርግና በለቅሶ እንደ ወትሮው መሰባሰብ ቀርቶ ነበር፤ በቫይረሱ የተጠረጠሩ ሰዎችም ወደ ለይቶ ማቆያ ይገቡ ነበር። እርምጃዎቹ ሕይወትን ለማዳን የግድ አስፈላጊ ነበሩ። ይሁን እንጂ የለመደው ኑሮ በድንገት የተቋረጠበት ሰው ፍርሃት፣ ቁጣ ወይም ተስፋ መቁረጥ ቢሰማው አያስገርምም። እነዚህን ስሜቶች ለመግራት ከሚረዱ ነገሮች አንዱ፣ በተፈቀደው ወሰን ውስጥ የመምረጥ ዕድል ማግኘት ነው።

ምርጫ ስሜትን የሚያረጋጋው እንዴት ነው?

የሰው አእምሮ ችግርን ሲመዝን የችግሩን ክብደት ብቻ ሳይሆን «ምን ማድረግ እችላለሁ?» ለሚለው ጥያቄ የሚያገኘውንም መልስ ያያል። መልሱ «ምንም» ከሆነ ውጥረት ይበረታል፤ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ትዕግሥት ያልቃል። ጥቂት ነገር እንኳ በራሱ ውሳኔ ሥር መሆኑን ሲያውቅ ግን ችግሩ ሳይለወጥ ጭንቀቱ ይቀላል።

ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት የሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያን ተመልክተዋል። ለአንደኛው ቡድን አረጋውያን፣ የሚንከባከቡትን ተክልና ፊልም የሚያዩበትን ምሽት ራሳቸው እንዲመርጡ ዕድል ተሰጣቸው። ለሌላው ቡድን ተክሉም ተሰጠ፤ ፊልሙም ታየ፤ ውሳኔው ግን የሠራተኞቹ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመረጡት አረጋውያን ይበልጥ ደስተኞችና ንቁዎች ሆነው ተገኙ።

የምርጫው ወሰን

ምርጫ መስጠት የመከላከያ መመሪያን መተው ማለት አይደለም። ጭምብል ማድረግ፣ እጅን መታጠብና በለይቶ ማቆያ የተወሰነውን ጊዜ መጨረስ ለድርድር አይቀርቡም። ለምርጫ የሚቀርበው መመሪያው የሚፈጸምበት መንገድ ነው። ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ይበቃል፤ ከዚያ ሲበዛ ራሱ ጭንቀት ይሆናል። አማራጩም እውነተኛ ሊሆን ይገባል፤ ጠይቆ መልሱን ችላ ማለት ካለመጠየቅ ይልቅ ያስቆጣል።

በተግባር ምን ማድረግ ይቻላል?

• በለይቶ ማቆያ፦ ወደ ቤተሰብ የሚደወልበትን ሰዓትና የዕለቱን የጊዜ አጠቃቀም ሰውየው ራሱ ቢወስን ይመረጣል።

• ለሕፃናት፦ ልጁን «እጅህን ትታጠባለህ?» ብሎ መጠየቅ እንቢታን ይጋብዛል። «ከእህትህ በፊት ትታጠባለህ ወይስ ከእርሷ በኋላ?» ሲባል ግን መታጠቡ ሳይቀር የሚመርጠው ነገር ያገኛል።

• ለአረጋውያን፦ ከበሽታው መጠበቃቸው ቃላቸው እንዳይሰማ ምክንያት መሆን የለበትም። አስቤዛውን ማን እንደሚያመጣላቸው፣ ከማን ጋር በስልክ እንደሚጨዋወቱ እነርሱ ይወስኑ።

• ሐዘን ለደረሰበት ቤተሰብ፦ ወዳጅ ዘመድ በስልክ እንዲያጽናና፣ በተፈቀደው ቁጥር ተራ በተራ እንዲመጣ ወይም ለኋላ እንዲያቆየው ሐዘንተኛው ይጠየቅ።

• ዜናን በሚመለከት፦ ቀኑን ሙሉ ከመከታተል ይልቅ አስቀድሞ በተመረጠ ሰዓት፣ ከታመነ ምንጭ መስማት ይጠቅማል።

ስሜትን የማስተናገጃው መንገድም ሊመረጥ ይችላል። ድንገት ለገነፈለ ስሜት በዝግታ መተንፈስ፣ ጸሎት ወይም የእጅ ሥራ ይረዳል፤ ለሰነበተ ሐሳብ ግን ከሚያምኑት ሰው ጋር መነጋገር የተሻለ ነው።

እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ማጣት ለሁለት ሳምንት ከቀጠለ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይቆዩ እርዳታ መጠየቅ ይገባል። በኮቪድ-19 ወቅት ስለ ወረርሽኙ መረጃ ለማግኘት በነፃ የስልክ መስመሮች 8335 ወይም 952 መደወል ይቻል ነበር።